ሁለት ልብ

ጆሮው «ልብ» የሚለውን ቃል አይቆጥርም። ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ሰው ሲያመው ይረሳል። ሰዓዳ የምትኖረው በዚያ መርሳት ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ከሚቀመጡት አድራቂዎች አንዷ ናት። ጃንጥላ፣ ሁለት በርጩማ፣ አንድ ፔርሙዝ። ድሮ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ነበሩ ይባላል፤ የሰውን ብሶት ሰምተው ዳኛ በሚገባው ቃል የሚጽፉ። አድራቂም ያው ነው። ሕመሙ እርጥብ ሆኖ ይመጣል፣ አድርቃ ወደ ውስጥ ትልከዋለች። ውስጥ ሰው የለም። ወንበር፣ እጅ የሚያነብ መስታወትና የሕመምተኛውን ቃል ሰምቶ የሚመረምረው ማሽን፣ ጆሮው፣ ብቻ ናቸው ያሉት። ሰው ሐኪም ያለው ደሴ ነው፤ ደሴ የሚያሳልፈው ደግሞ ጆሮው ነው።

ዛሬ መጀመሪያ የመጡት የሰፈሯ ሽማግሌ ጋሽ ይማም ነበሩ።

«ምንዎን አመመዎት ጋሼ?»

«ልቤ ፈሰሰ ልጄ።»

«እሱን ይተዉት። የቱ ጋ ነው?»

ከእምብርታቸው በላይ በመዳፋቸው ጫን አደረጉ። «እዚህ። ይሞረሙረኛል። ልቤን ጥርግ አድርጎ…»

«ልብ የለም ጋሼ። ያቃጥላል ወይስ ይወጋል?»

«ያቃጥላል መሰለኝ።»

«መሰለኝም የለም። እንዲህ ይበሉ። ከእምብርቴ በላይ ያቃጥለኛል። ከምግብ በኋላ ይብሳል። በሉ ይድገሙት።»

ደገሙት። ሲነሱ ምርኩዛቸውን እያስተካከሉ «ቃሌን ቋንጣ አደረግሽው» አሏት።

«ቋንጣ አይበላሽም ጋሼ።»

«ጣዕሙስ?»

ቀጣዩን ጠራች። ሰልፍ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጆሮው ቃሉን ይቆጥር ነበር። ታዲያ ግማሹ ወሎ የልብ በሽተኛ ሆኖ ተገኘ። ጨጓራ ያለበት «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል። የደነገጠው «ልቤ ወለቀ»፣ ልጇ የራቀባት «ልቤ ተንጠለጠለ»። ጆሮው ሁሉንም ጭኖ ደሴ ይልካል። የደሴ ሐኪሞች አቤት አሉ። ቃሉ ከጆሮው ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ብትጮኺም ያልፈዋል።

ሰውም ተማረ። ልጆች በትምህርት ቤት ደረቅ አማርኛ ይማራሉ። የጎረቤቷ ልጅ ከትምህርት ሲመለስ እናቱን «ረኃብ አለኝ፤ መጠኑ መካከለኛ ነው» ይላታል። እናትየው መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። አሁን «መካከለኛ ከሆነ ጠብቅ» ትለዋለች።

አንድ አባባል ብቻ ተመልሶ ገብቷል። አንዲት የሐርቡ እናት ጆሮው «እግርዎ እንዲቆረጥ ይፈቅዳሉ?» ሲላቸው «ሁለት ልብ ሆኛለሁ» አሉት። ማመንታቴን ይወቅልኝ ብለው ነው። ጆሮው ልብን አለፈና «ሆኛለሁ» የሚለውን ይዞ እሺታ አደረገው። እግራቸው ተቆረጠ። ያኔ የደጁ አድራቂ ሁሉ ሰልፍ ወጣ፤ ሰዓዳም ወጣች። ጆሮው ተማረ። «ሁለት ልብ ነኝ» ያለ ሰው ሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ማንም አያስገድደውም። ደጁ ላይ እስከ ዛሬ እንደ ድል ነው የሚወራው።

ታናሽ እህቷ ራህመት በዚህ ሁሉ ትስቃለች። «እሱ ልብ ሲል ሕክምና ነው፣ እኛ ስንል ግጥም ነው» ትላለች። የመሳቅ መብት አላት፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የምር የልብ በሽተኛ እሷ ናት። ልጅ ሆና ጉሮሮዋን ትታመም ነበር። ሕመሙ ወደ ልቧ ወረደና አንዱን ቫልቭ በላው። በቦታው ብረት ገባላት። ብረቱ ይሰማል። ቀጭ ቀጭ ይላል። ትምህርት ቤት «ሰዓቷ» ነበር የሚሏት። ሟች አባታቸው እንድሪስ ስልክ ሲደውል የሁለቱ ድምፅ አንድ ስለሆነበት «ማን ነሽ አንቺ? ሰዓዳ ነሽ ሰዓቷ?» ይል ነበር። ራህመት ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ታሰማዋለች።

ጆሮውም የሚያውቃት በዚያው ነው። የሰው ድምፅ በጉንፋን ይለወጣል፣ ብረት አይለወጥም። ገና በሩን ስታልፍ «ራህመት እንድሪስ፣ እንደምን አደሩ» ይላታል።

ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። የአክስታቸው ልጅ ሰርግ ሊደርስ ሲል የራህመት መንጋጋ አበጠ። ሰርግ ላይ ሳልበላማ አልቀመጥም ብላ አስነቀለችው። ድሮ ብረት ያለበት ሰው ጥርስ ከማስነቀሉ በፊት ክኒን ይሰጠው ነበር። ከቀረ ቆይቷል። ገና ላልታመመ ሰው መድኃኒት አይባክንም። ሰርጉ ደመቀ። ሰርግ ላይ ብቻ ነው አሁን ሰው እንደ ልቡ የሚያወራው። ራህመት መዳፏን ሂና ተቀብታ ስትጨፍር ዋለች።

ከዚያ ብርድ ብርድ ማለት መጣ። ቀን ደህና ትውላለች፣ ሲመሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ሲነጋ አንሶላዋ ይጨመቃል። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሸላት። ትንሽ ተሻላት። እንደገና ባሰባት። ሰዓዳ አድርቃ ወደ ጆሮው አስገባቻት።

«መዳፍዎን መስታወቱ ላይ ያድርጉ» አላት ጆሮው። አደረገች። «መዳፍዎ ላይ ቀለም አለ። የእጅ ንባብ ታልፏል። ትኩሳት፣ መጠነኛ። ጉንፋን። ፈሳሽ ይጠጡ።»

ጠጣች። ሂናው ከጊዜ በኋላ ለቀቀ። በሥሩ የነበሩት ቀያይ ነጥቦች አልለቀቁም። አያሙም፣ አያሳክኩም። ጥፍሮቿ ሥርም እሾህ የገባ የሚመስሉ ጥቋቁር ጭረቶች ነበሩ። ራህመት «ሂናው ወደ ውስጥ ገባ» ብላ ሳቀች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግራ ክንዷን አጥፋ ጃንጥላው ሥር መጣች። ከስታለች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ አይቆምም።

«ሰዓዬ፣ ነይ ንኪው።»

ክርኗ መታጠፊያ ላይ ግማሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት። ሰዓዳ በጣቷ ጫፍ ነካችው። እብጠቱ ጣቷን ገፋ። ለቀቀ። ገፋ።

«ይመታል» አለች።

«ልብ ነዋ። ሁለተኛ ልብ አበቀልኩ። ይሄኛው ግን ጨዋ ነው፣ አይጮህም።»

«ራሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ሰዓዳ በርጩማው ላይ አስቀመጠቻትና ሥራዋን ጀመረች።

«በክርኔ መታጠፊያ ላይ የሚመታ እብጠት አለ። ማታ ማታ ትኩሳት አለኝ። የብረት ቫልቭ አለኝ። ጥርስ ተነቅያለሁ። በይ።»

አለች። ጥንቅቅ አድርጋ አለች።

«ልብ እንዳትዪ።»

«አልልም።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ። አሁን ቋንጣ ነኝ።»

አድራቂ ክፍሉ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። የበሩ ጠባቂ ሙሄ ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሰዓዳ ጆሮዋን ክፍተቱ ላይ አደረገች።

ራህመት አንድም ቃል አልሳተችም። መስታወቱ መዳፏን አነበበ። ክንዷን አነበበ።  ከዚያ ጆሮው ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ተናገረ።

«የልብዎ ቫልቭ በባክቴሪያ ተይዟል። ከቫልቩ የተነሣ ቁራጭ በደም ተጉዞ የክንድዎ ደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ አርፏል። ግድግዳው ሳስቶ አብጧል። ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ሊፈነዳ ወይም ሊደፈን ይችላል። ተመሳሳይ እብጠት ሌላ ቦታም ሊኖር ይችላል። ደሴ ዛሬ ቦታ አለ። ቀዶ ሕክምናውን ይፈቅዳሉ?»

ሰዓዳ ወደ ክፍተቱ ይበልጥ ተጠጋች። እሺ በይ አለች በሆዷ። አንድ ቃል ናት።

ራህመት ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ስትፈራ የምትስቃት። በቀኝ እጇ ክርኗን ያዘች።

«እንግዲህ ሁለት ልብ ሆኜ መጥቼ…»

ምን ልትል እንደነበር ኋላ ለሰዓዳ ነግራታለች። «መጥቼ ዝም ብዬ ልመለስ ነው? ቁረጡት እንጂ» ልትል ነበር። ጆሮው አልጠበቃትም።

«ማመንታትዎ ተመዝግቧል። የሦስት ቀን የማሰቢያ ጊዜ ተሰጥቶዎታል። ውሳኔው የእርስዎ ብቻ ነው።»

ሰዓዳ በሩን ገፍታ ገባች። «አላመነታችም። እብጠቱን ነው ያለችው። ክንዷን ነው።»

«የአድራቂ ድምፅ ተሰምቷል» አለ ጆሮው። «በታካሚዋ ላይ ጫና እየተደረገ ሊሆን ይችላል። ጫና ከቀጠለ የማሰቢያ ጊዜው ይራዘማል።»

 ራህመት የሰዓዳን እጅ ይዛ አወጣቻት።

ውጭ ሙሄ ፊታቸውን አይቶ ገባው።

«ለማን ነው የሚነገረው?» አለችው ሰዓዳ።

«ለጆሮው።»

«ስለ ጆሮው ለጆሮው?»

«ምን ላርግሽ ሰዓዳ። እኔ በር ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ። «ሰልፍ ወጥታችሁ ያስገባችሁት ቃል አይደል? እኔ ነበርኩ ውኃ ያጠጣኋችሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግ ነገር ነበር።»

«ነበር።»

ሰዓዳ እህቷን ወደ ራሷ ቤት ወሰደቻት። ክንዷን ትራስ ላይ አስቀመጠችላት። እንዳታነሺው፣ እንዳትደገፊበት፣ እንዳትተኚበት። ራህመት ለክንዷ ስም አወጣችለት፤ «እንግዳው» አለችው። እንግዳው ዛሬ በርትቷል፣ እንግዳው ቁርስ አልተሰጠውም። በሁለተኛው ቀን ቀልዷ ጠፋ። በዚያ ፋንታ አንድ ቃል ያጠናሉ።

«ይፈቅዳሉ?» ትላታለች ሰዓዳ ድምፅዋን እንደ ጆሮው አድርቃ።

«እፈቅዳለሁ።»

«ይፈቅዳሉ?»

«እፈቅዳለሁ አልኩሽ እኮ። ኒካሕ አስመሰልሽው።»

ጎረቤቶች ጠያቂ ሆነው መጡ። ደረቅ በደረቅ ጠየቁ። ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው? ሽንት አለ? ምግብ ይወርዳል? ጋሽ ይማም ብቻ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ረዥም ጊዜ ተቀመጡ። ሲወጡ በሩ ላይ «ልቤ አልወደደውም» አሉ። ሰዓዳ ልታርማቸው አፏን ከፈተች። ተወችው።

ቤቱ ጸጥ ሲል ቀጭ ቀጭ ይሰማል። ሰዓዳ ድስት እያጠበችም ትሰማዋለች፣ ልብስ እያሰጣችም። ሲፈጥን ትቆማለች። ሲረጋጋ ትቀጥላለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራህመት ከመኝታዋ ጠራቻት። ፊቷ ላይ የደስታ ነገር ነበር።

«ሰዓዬ፣ እንግዳው ተኛ።»

ሰዓዳ ነካችው። እብጠቱ አለ። ጠንክሯል። ጣቷን አይገፋም። ጣቷን ወደ ታች አውርዳ የራህመትን የእጅ አንጓ ያዘች። ትርታ የለም። ጣቶቿ ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሮቿ አመድ መስለዋል።

«ዳነ እንዴ?» አለች ራህመት።

«ልበሺ። እንሂድ።»

ጆሮው በሩን ስታልፍ በስሟ ጠራት። የማሰቢያ ጊዜዎ አብቅቷል አላት። ከዚያ ጠየቃት።

«አሁንም ሁለት ልብ ነዎት?»

ሰዓዳ በክፍተቱ ስትሰማ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረች።

«አይ» አለች ራህመት። «አንዱ ቆሟል።»

«አልገባኝም። በሌላ ቃል ይድገሙት።»

«አንድ ልብ ነኝ። እፈቅዳለሁ።»

«ፈቃድዎ ተመዝግቧል። መኪና ተዘጋጅቷል።»

መኪናው ሹፌር የለውም። አንድ አልጋ፣ ለአስታማሚ አንድ ወንበር፣ ጣሪያው ላይ ጆሮው። ሰዓዳ እንደ አስታማሚ ገባች፤ ለእህት ይፈቀዳል። በሩ ሲዘጋ ቀጭታው ክፍሉን ሞላው። ኮምቦልቻ ከኋላ ዝቅ አለች። መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ።

«ሙዚቃ የለውም?» አለች ራህመት።

«አንቺ አለሽ አይደል።»

ራህመት ፈገግ አለች። ዓይኖቿን ጨፈነች። ሁለት ኩርባ አለፉ። ድንገት ግንባሯን አኮማተረች፣ ደህና እጇን አንሥታ ከቀኝ ዓይኗ በላይ ጫነች።

«ሰዓዬ። ሦስተኛው መጣ።»

«ሦስተኛው ምን?»

«ልብ። እዚህ ውስጥ፣ ከዓይኔ ኋላ። ይመታል።»

«ታካሚዋ ምን አለች?» አለ ጆሮው ከላይ።

«ራሷን አሟታል» አለች ሰዓዳ።

አላሰበችበትም። አፏ ነው ያለው። ስንት ዓመት ሙሉ እርጥብ ቃል በመጣ ቁጥር አፏ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ጨምቆ፣ አስጥቶ፣ ቀለል አድርጎ ማሳለፍ።

«የራስ ምታት። ቀላል። ተመዝግቧል» አለ ጆሮው።

ያኔ ሰማችው። «ይመታል» የሚለውን ጥላዋለች። ክርን ላይ የነበረውን ቃል ራሷ ናት ያስጠናቻት። ጭንቅላት ላይ ሲመጣ ግን እንደ ፍሬ ልጣጭ ጣለችው።

ልታርም ስትል ራህመት አስመለሰች። ሰዓዳ ወደ ጎን አዞረቻት፣ አፏን በሻርፗ ጠረገችላት። «ራሁ። ራሁ፣ እይኝ።» ራህመት አየቻት። ከዚያ ማየቷን ትታ ዓይኗ ብቻ ክፍት ቀረ። ያፏ አንድ ጎን ወረደ። ሰዓዳ የእህቷን እጅ ብታነሣው እንደ እርጥብ ፎጣ ተመልሶ ወደቀ።

ቀጭታው አልቆመም። ቀጭ። ቀጭ። ምንም እንዳልሆነ።

መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ሐረጎ ደርሰናል» አለ ጆሮው። «ደሴ ከመግባትዎ በፊት ፈቃድዎን በራስዎ ድምፅ ያጽኑ።»

ደሴ ከመድረሱ በፊት ያለው ይህ ዳገት ላይ ሐሳቡን የሚለውጥ ሰው ስለሚበዛ የተደረገ ነው። ይህም ደግ ነገር ነው። ሰዓዳ ሕጉን እንደ ስሟ ታውቀዋለች፤ ለደጁ ሰው ሁሉ ስታስረዳ ኖራለች። ራሱን የሳተ ሰው ፈቃድ የለውም። ፈቃድ የሌለው ሰው ወደ መጣበት ይመለሳል። እዚያም የሚጠብቀው ወንበር፣ መስታወትና ጆሮ ነው። ከዳገቱ ማዶ ግን ሰው አለ። ዓይን ያለው፣ እጅ ያለው፣ የዓይን ብሌን ገልጦ የሚያይ ሰው።

«ዝምታ እንደ ማመንታት ይቆጠራል» አለ ጆሮው። «መኪናው ሊመለስ ነው።»

የመኪናው አፍንጫ ወደ ግራ መዞር ጀመረ።

ሰዓዳ ከወንበሯ ተነሥታ አልጋው ጎን ተንበረከከች። ጉንጯን እህቷ ደረት ላይ፣ ብረቱ የሚመታበት ላይ አስተኛች። ድምፁና ቀጭታው ከአንድ ቦታ እንዲወጡ አፏን አስጠጋች። ደረቁን ድምፅ ከጉሮሮዋ አወረደች። በሥሩ ያለውን ፈለገችው። አባቷ በስልክ የሚምታታበትን፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ያለበትን።

«እፈቅዳለሁ» አለች።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«ተመዝግቧል። እናመሰግናለን ራህመት።»

መኪናው ቀና አለ። ዳገቱን ተያያዘው።

«ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» አለ ጆሮው።

ሰዓዳ አልተነሣችም። ራሴ ብትል አዲስ ምርመራ ነው። አዲስ ምርመራ አዲስ ጥያቄ፣ አዲስ ጥያቄ አዲስ ሦስት ቀን። ደሴ እስኪደርሱ አፍ መዝጋት ነው። እዚያ ለሰው ትነግራለች፤ እርጥቡን እንዳለ ትነግራለች፤ ልብ ልብ እያለች ትነግራለች።

«ምንም አይሰማኝም» አለች በእህቷ ድምፅ።

ይህኛው እውነት ሊሆን እንደሚችል የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ጆሮዋን ከደረቷ ላይ አላነሣችም። ብረቱ ይመታል። ከጦሳ ተራራ ሥር የደሴ ቆርቆሮ መታየት ጀመረ።